አንድሬያስ ሺምፐር

አንድሬያስ ፍራንትስ ቪልሄልም ሺምፐር (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1856 – ሴፕቴምበር 9 ቀን 1901፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት 5 ቀን 1848 እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 1893 ዓ.ም.) ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። በቅጠል ሕዋስ ውስጥ ያሉት አረንጓዴ አካላት፣ ማለትም ክሎሮፕላስቶች፣ እንደ አዲስ የሚፈጠሩ ሳይሆኑ ቀድሞ ከነበሩት በመከፋፈል የሚበዙ መሆናቸውን ካስረዱት የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ ነው። የዕፅዋት ጂኦግራፊ በዕፅዋት አካል አሠራር ላይ ተመሥርቶ እንዲጠና ያደረገውም እሱ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው «የሐሩር ዝናባማ ደን» የሚለው ስያሜም የመጣው ከእሱ ጽሑፍ ነው።

ሺምፐር ጨው በዕፅዋት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በማጥናትም ይታወቃል። ጨዋማ አፈር ላይ ያለ ተክል እግሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሊጠማ እንደሚችል፣ ጨው ቅጠል ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ የምግብ ሥራውን እንደሚያቆም ጽፏል። ይህ ሐሳብ ዛሬ ዕፅዋት በጨው ሲጨነቁ የብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ኢንዛይሞቻቸውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ለሚደረገው ምርምር ከመነሻዎቹ አንዱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቤተሰብና ልጅነት

ሺምፐር የተወለደው በስትራስቡርግ ከተማ ነው። በተወለደበት ጊዜ ከተማዋ የፈረንሳይ ነበረች፤ ከፈረንሳይና ከፕሩሲያ ጦርነት በኋላ ግን በ1871 በአዲሱ የጀርመን መንግሥት ሥር ሆነች።

አባቱ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር (1808–1880) ሞስ የሚባሉትን አበባ የሌላቸው ትናንሽ ዕፅዋትና በድንጋይ ውስጥ የቀሩ የጥንት ዕፅዋት ቅሪቶችን በማጥናት የታወቀ ሊቅ ነበር። የስትራስቡርግን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም መርቷል። ልጁ ያደገው በደረቁ ዕፅዋት፣ በቅሪተ አካላትና በመጻሕፍት መካከል ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ ሌሎች ሁለት የታወቁ የዕፅዋት ሰዎችም ነበሩ። እነሱም የአባቱ የአጎት ልጆች የሆኑት ወንድማማቾች፣ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐርና ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ናቸው። ካርል ፍሪድሪክ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና ነው። ጌኦርግ ቪልሄልም ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖሮ በዓድዋ የሞተው ዕፅዋት ሰብሳቢ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ቦታ ሲጠቀስ ይገኛል። የኢትዮጵያው ሺምፐር ታሪክ ከታች በተለየ ክፍል ቀርቧል።

ትምህርት

ሺምፐር የተማረው በትውልድ ከተማው በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከመምህራኑ አንዱ የፈንገሶችን አኗኗር በማጥናት ስመ ጥር የነበረው አንቶን ደ ባሪ ነበር። በ1878 የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በዕፅዋት ውስጥ ስለሚገኙ የፕሮቲን ክሪስታሎች በጻፈው ጥናት ነው።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ድጋፍ አግኝቶ ቆየ። በዚያው ጊዜ ወደ ፍሎሪዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጉዞ የሐሩር አገር ዕፅዋትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታቸው አየ። ወደ ጀርመን ሲመለስ በቦን ዩኒቨርሲቲ ታዋቂው የሕዋስ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሽትራስቡርገር ዘንድ መሥራት ጀመረ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑንም በቦን አሳለፈ።

የክሎሮፕላስት ጥናት

ሺምፐር ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት ዩልየስ ሳክስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ብርሃን ያገኘ ቅጠል ስታርች እንደሚሠራ፣ ስታርቹም በአረንጓዴዎቹ አካላት ውስጥ እንደሚታይ አሳይቶ ነበር። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች ይህንኑ ይሞክራሉ። ቅጠሉ በአልኮል ፈልቶ አረንጓዴ ቀለሙ ከወጣለት በኋላ አዮዲን ሲጨመርበት ስታርች ያለበት ክፍል ይጠቁራል።

ሺምፐር በ1880 ባወጣው ጥናት ስታርች ብርሃን በማያገኙ የተክል ክፍሎች ውስጥም የሚሠራው በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ ሳይሆን በተለዩ ትናንሽ አካላት እንደሆነ አሳየ። ድንች ውስጥ ያለው ስታርች ለዚህ ምሳሌ ነው። በ1883 ደግሞ እነዚህ ቀለም የለሽ አካላት፣ አረንጓዴዎቹ ክሎሮፕላስቶችና በአበባና በፍራፍሬ ውስጥ ያሉት ባለ ቀለም አካላት አንድ ዘር መሆናቸውን አስረዳ። በአንድነት የሚጠሩበት «ፕላስቲድ» የሚለው ስም ከዚህ ሥራው ጋር የተያያዘ ነው።

በዚሁ ጥናት ክሎሮፕላስት ከክሎሮፕላስት በመከፋፈል ብቻ እንደሚገኝ ጻፈ። ይህ እውነት ከሆነ አረንጓዴው ተክል የተገኘው ሁለት የተለያዩ ፍጡራን፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቀለም የለሽ፣ በአንድነት መኖር ጀምረው ሊሆን እንደሚችል በግርጌ ማስታወሻ ላይ ጠቆመ። ሐሳቡን በ1905 ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪ አስፋፋው። ክሎሮፕላስት የራሱ ዲኤንኤ እንዳለው ከታወቀ በኋላም የሳይንስ ማኅበረሰቡ ተቀበለው። ዛሬ ክሎሮፕላስት ጥንት ራሱን ችሎ ይኖር ከነበረ የባክቴሪያ ወገን እንደመጣ ይታመናል።

የምርምር ጉዞዎች

በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት የሐሩር አገር ተክሎችን የሚያውቁት ደርቀው በወረቀት ላይ ተለጥፈው ነው። ሺምፐር ግን ተክሉ በሕይወት ሳለ በሚበቅልበት ቦታ መታየት አለበት ብሎ ያምን ነበር። በ1882 እና 1883 ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ቬኔዝዌላ ተጓዘ። በ1886 ከባልደረባው ከሃይንሪክ ሼንክ ጋር ወደ ብራዚል ሄደ። ከእነዚህ ጉዞዎች በኋላ በ1888 ሁለት ሥራዎችን አወጣ። አንዱ ጉንዳኖችና ዕፅዋት ስለሚረዳዱበት መንገድ ሲሆን፣ ሌላው በዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ስለሚኖሩ ዕፅዋት ነው።

በዛፍ ላይ የሚኖር ተክል ሥሩ አፈር አይነካም። ዝናብ በበዛበት ደን ውስጥ ሆኖም ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ውኃ ያጥረዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ ቆጣቢ ነው። ሺምፐር ይህን ልብ ማለቱ በኋላ ስለ ጨው ለደረሰበት ሐሳብ መንገድ ከፈተ።

ጨውና ቅጠል

በ1889 እና 1890 ሺምፐር ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) እና ወደ ጃቫ ደሴት ተጓዘ። በጃቫ የቡይተንዞርግ የዕፅዋት አትክልት ቦታ በዘመኑ የዓለም ተመራማሪዎች መሰብሰቢያ ነበር። ሺምፐር በባሕሩ ዳርቻ ማንግሩቭ የሚባሉትን፣ ሥራቸው በጨው ውኃ የሚጥለቀለቅ ዛፎች አጠና። ከዚያም በእሳተ ገሞራ ተራሮች ላይ ያሉትን ዕፅዋት ተመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። በባሕር ዳር በውኃ ውስጥ የቆመው ዛፍ፣ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ተክልና በበረሃ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ቅጠላቸው ይመሳሰላል። ሁሉም ወፍራም፣ ጠንካራ ወይም ውኃ የቋጠረ ቅጠል አላቸው፤ ላያቸውም ትነትን በሚከላከል ሽፋን ተሸፍኗል። የበረሃው ቁጥቋጦ ውኃ መቆጠቡ አያስገርምም። ማንግሩቭ ግን ውኃ ውስጥ ቆሞ ለምን ይቆጥባል?

ሺምፐር መልሱን ለማግኘት ተክሎችን በማሰሮ እያሳደገ የጨው ውኃ አጠጣቸው። ጨው ያገኙት ተክሎች ቅጠላቸው ያነሰና የወፈረ ሆነ። በጨው አፈር ላይ መኖር ያልለመዱት ተክሎች ጨው ሲበዛባቸው ወዲያው አልሞቱም። ነገር ግን ቅጠላቸው ስታርችና ስኳር መሥራት አቆመ። ሺምፐር ከዚህ ሁለት መደምደሚያ አወጣ።

የመጀመሪያው ውኃን ይመለከታል። በጨው የተሞላ አፈር ውኃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሥሩም በቀላሉ አይስበውም። አፈሩ ሲታይ ርጥብ ቢሆንም ለተክሉ ግን እንደ ደረቅ ነው። ሺምፐር ይህን «ፊዚዮሎጂያዊ ድርቀት» ብሎ ሰየመው። አፈሩ በእውነት ውኃ ሲያጣ ደግሞ «ፊዚካዊ ድርቀት» ይባላል። በዚህ አከፋፈል መሠረት የአፈርን ርጥበት መለካት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተክሉ ከዚያ ርጥበት ምን ያህሉን መጠጣት ይችላል የሚለው መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው መደምደሚያ ቅጠሉን ይመለከታል። ሥር የሳበው ውኃ ወደ ቅጠል ወጥቶ በቅጠሉ ቀዳዳዎች (ስቶማታ) በኩል ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ውኃ በተነነ ቁጥር ብዙ ጨው ይጠራቀማል። ጨው ከመጠን ሲያልፍ ቅጠሉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ወደ ምግብ መለወጥ ያቅተዋል፤ ተክሉም በጥማት ብቻ ሳይሆን በረኃብ ይሞታል። ስለዚህ በሺምፐር አስተሳሰብ የማንግሩቭ ቅጠል ትነትን የሚቀንሰው ውኃ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም፤ የምግብ ፋብሪካውን ከጨው ለመጠበቅም ነው።

ስለ እስያ ሐሩር አገሮች የባሕር ዳርቻ ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ በ1891 ታተመ።

ታላላቅ መጻሕፍቱ

በ1894 ሺምፐር ከሽትራስቡርገር፣ ከፍሪትስ ኖልና ከሼንክ ጋር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዕፅዋት ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። አራቱም በቦን ያስተምሩ ነበር። መጽሐፉ በየዘመኑ በሌሎች ሊቃውንት እየታደሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ቆይቷል።

በ1898 የወጣው ዋና ሥራው በዕፅዋት አካል አሠራር ላይ የተመሠረተ የዕፅዋት ጂኦግራፊ ነው። ከዚያ በፊት የዕፅዋት ጂኦግራፊ በአብዛኛው የትኛው ተክል የት አገር እንደሚበቅል የሚዘረዝር ነበር። ሺምፐር ግን ለምን እዚያ እንደሚበቅል ጠየቀ። ሙቀት፣ ውኃ፣ ብርሃን፣ አየርና አፈር በሥርና በቅጠል ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርጉ እየመረመረ የዓለምን ደኖች፣ የሣር ሜዳዎችና በረሃዎች አስረዳ። መጽሐፉ በ1903 በእንግሊዝኛ ታትሞ የኢኮሎጂ ትምህርት ሲጀመር ከዋና መማሪያዎች አንዱ ሆነ።

የቫልዲቪያ ጉዞና ሞት

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በ1898 ሺምፐር ቫልዲቪያ በተባለች መርከብ በተደረገው የጀርመን የጥልቅ ባሕር ምርምር ጉዞ ላይ የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ተሳተፈ። የጉዞው መሪ የእንስሳት ሊቁ ካርል ኩን ነበር። መርከቧ በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወርዳ ወደ ደቡብ ውቅያኖስ ከዘለቀች በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ተመልሳ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር አድርጋ በ1899 ጉዞዋን ፈጸመች። ሺምፐር በዚህ ጉዞ በባሕር ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋትን አጠና። በቀይ ባሕር ሲያልፍ ለኢትዮጵያ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም ዘመዱ የኖረበትን አገር አልረገጠም።

በጉዞው ላይ በካሜሩንና በዳሬሰላም ወባ ያዘው። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቢሆንም ጤናው አልተመለሰም። በ1901 በ45 ዓመቱ በባዝል ሞተ።

ከሺምፐር በኋላ፦ የኢንዛይሞቹ ጥናት

ሺምፐር ጨው የቅጠሉን ሥራ እንደሚያቆም ቢያይም ሥራውን የሚሠራው ምን እንደሆነ በዘመኑ አይታወቅም ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚለወጥበት መንገድ የታወቀው እሱ ከሞተ ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ በሜልቪን ካልቪን፣ በአንድሩ ቤንሰንና በጄምስ ባሻም ምርምር ነው። ካልቪን በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ነው። ሩቢስኮ በክሎሮፕላስት ውስጥ ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። በቅጠል ውስጥ ከሁሉም በላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲንም ነው።

ዛሬ እንደሚታወቀው ተክል በጨው ሲጨነቅ የሚከተሉት ለውጦች ይከሰታሉ።

በመጀመሪያ ውኃ ስለሚያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ትነቱ ቢቀንስም ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ስለሆነ ለሩቢስኮ የሚደርሰው ያንሳል። በዚህ ጊዜ ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክሲጅንን ይዞ ጉልበት በሚያባክን ሥራ ላይ ይጠመዳል።

ቀጥሎ ብርሃኑ አለመቋረጡ ራሱ ችግር ይሆናል። ቅጠሉ የተቀበለውን የብርሃን ጉልበት የሚያውልበት ሥራ ስለቀነሰ ትርፉ ጉልበት ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል። ተክሉ እነዚህን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞችን ያበዛል።

ጨዉ ሳይቀነስ ከቆየ ደግሞ ሶዲየም ራሱ ወደ ቅጠሉ ይደርሳል። ብዙ ኢንዛይሞች ለመሥራት ፖታሲየም ይፈልጋሉ። ሶዲየም የፖታሲየምን ቦታ ሲሻማ ሥራቸው ይሰናከላል። ጨው በማይችሉ ሰብሎች ላይ የሩቢስኮ መጠንና ቅልጥፍና ይቀንሳል፤ ቅጠሎችም ከታች ጀምረው ይቢጫሉ። ሺምፐር ለይቶ ያስቀመጣቸው ሁለቱ ጉዳቶች፣ ማለትም የውኃ ማጣትና የጨው መጠራቀም፣ በዘመናዊው ሳይንስም ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ደረጃዎች ተደርገው ይታያሉ።

አንዳንድ ዕፅዋት ከዚህ አልፈው የአሠራሩን መንገድ ይቀይራሉ። በዚህ ረገድ ይበልጥ የተጠናው ከደቡባዊ አፍሪካና ከሜዲትራኒያን አካባቢ የሚገኝ፣ ቅጠሉ በበረዶ ጠብታ የተሸፈነ የሚመስል ተክል ነው። በ1972 እንደተገለጸው ይህ ተክል ጨው ሲያጋጥመው በቀን ቀዳዳውን ዘግቶ በሌሊት መክፈት ይጀምራል። ለዚህም ፔፕ ካርቦክሲሌዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም በብዛት ይሠራል። ኢንዛይሙ በሌሊት ካርቦኑን ይይዝና በአሲድ መልክ ያስቀምጠዋል። በቀን ቀዳዳው ተዘግቶ ሳለ ካርቦኑ ከአሲዱ ተለቅቆ ለሩቢስኮ ይደርሳል። ተክሉ በዚህ መንገድ በጠራራ ፀሐይ ውኃ ሳያጣ ምግቡን ይሠራል።

የተስተካከሉ ሐሳቦች

የሺምፐር ሐሳብ ሁሉ ግን እንዳለ አልጸናም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የተደረጉ ልኬቶች ብዙዎቹ የባሕር ዳር ዕፅዋት እሱ እንዳሰበው ትነታቸው ያነሰ አለመሆኑን አሳዩ። ረግረግ ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋትንም በፊዚዮሎጂያዊ ድርቀት ማስረዳቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

በኢንዛይሞች በኩል የተገኘው ውጤትም ያልተጠበቀ ነበር። ጨው ቻይ ተክል ጨው የማይበግረው ኢንዛይም ሊኖረው ይገባል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ከጨው ቻይ ዕፅዋትና ከቦሎቄ ኢንዛይሞችን አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ ሲያነጻጽሩ ግን የሁለቱም ኢንዛይሞች በጨው እኩል ተጎዱ። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነው። ጨው ቻዩ ተክል ጨውን ቫኩዎል በሚባለው የሕዋሱ ጎተራ ውስጥ ይቆልፍበታል። ኢንዛይሞቹ ባሉበት ክፍል ደግሞ እንደ ግላይሲን ቤታይንና ፕሮሊን ያሉ የማይጎዱ ንጥረ ነገሮችን አጠራቅሞ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሺምፐር የምግብ ፋብሪካው ከጨው መጠበቅ አለበት ያለው ስለዚህ ትክክል ነው። ዋናው ጥበቃ ግን ሕዋሱ ውስጥ እንደሆነ የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው።

የሺምፐር ስም በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የታወቀው ሺምፐር የአንድሬያስ ዘመድ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር (1804–1878) ነው። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አብዛኛውን ዕድሜውን በትግራይ አሳለፈ። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የእንትጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾመውት ነበር፤ ደጃዝማች ውቤ በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ሲሸነፉ ሹመቱን አጣ። በ1860ዎቹ በደብረ ታቦርና የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠራበት በነበረው በጋፋት አካባቢም ዕፅዋት ሰብስቧል። በመጨረሻም መቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር ሆኖ በ1868 ተለቀቀ። ከአሥር ዓመት በኋላም በዓድዋ ሞተ።

የሰበሰባቸው ደረቅ ዕፅዋት በአውሮፓ ታላላቅ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የብዙ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም የተሰጠውም በእነዚህ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ሰሳና ምረንዝ በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ የሺምፐርን ስም ይይዛሉ። ይህ ስም የተሰጠው ለጌኦርግ ቪልሄልም እንጂ ለአንድሬያስ አይደለም።

ፎገራና አዋሽ፦ የሺምፐር ሐሳብ በኢትዮጵያ መሬት

ጌኦርግ ቪልሄልም ዕፅዋት ከሰበሰበበት ከደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ምዕራብ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር የፎገራን ሜዳ ያጠጣሉ። የሜዳው ዋና ከተማ ወረታ ናት። ሜዳው በክረምት በጎርፍ ይጥለቀለቃል፤ ጥቁሩ የሸክላ አፈርም ውኃውን ይዞ ይቆያል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ፎገራ በኢትዮጵያ የታወቀ የሩዝ አገር ሆኗል። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል። ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬው በቀረው ርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል።

የሩዝ ማሳና የማንግሩቭ ደን ሁለቱም ውኃ የተኛባቸው ናቸው። የሩዝ ቅጠል ግን ስስና ለስላሳ ሲሆን የማንግሩቭ ቅጠል ወፍራምና ጠንካራ ነው። ይህ ልዩነት ሺምፐር በጃቫ ከገጠመው እንቆቅልሽ ጋር ይገናኛል። በፎገራ የተኛው ውኃ ጣፋጭ ስለሆነ ሩዙ እንደልቡ ይጠጣዋል። ጣና መውጫ ያለው ሐይቅ ነው፤ ወንዞች ከተራራ አጥበው ያመጡት ጨው በዓባይ በኩል ይወጣል።

የአዋሽ ወንዝ ተቃራኒው ምሳሌ ነው። አዋሽ ወደ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ያመጣው ጨው ሁሉ በዚያው ተፋሰስ ይቀራል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በመስኖ ይለማ ከነበረው መሬት ከፊሉ ጨው በዝቶበት ከምርት ውጪ ሆኗል። ምክንያቱ የውኃ ማነስ አልነበረም። ውኃ ያለ በቂ ማንጣፈፊያ ሲለቀቅ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይላል፤ ወደ ላይ ተስቦ ሲተን ጨዉን ከሥር አካባቢ ይተወዋል። በቅጠል ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ በማሳውም ላይ ውኃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል።

ሰብሎች ጨው የመቻል አቅማቸው ይለያያል። በስፋት በሚሠራበት መለኪያ መሠረት የሩዝ ምርት መቀነስ የሚጀምረው የአፈሩ ጨዋማነት 3 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ነው። ገብስ እስከ 8፣ ጥጥም እስከ 7.7 ይችላሉ። ሩዝ ውኃ የሚወድ ሰብል ቢሆንም ጨው ላይ ግን ደካማ ነው።

ይህ ለፎገራም ትርጉም አለው። የርብ ግድብ የተሠራው ሜዳውን በበጋ በመስኖ ለማልማት ነው። ክረምት መሬቱን እያጠበ ሐይቁም ወደ ዓባይ እየወጣ እስካለ ድረስ ፎገራ ከአዋሽ የተሻለ ዕድል አላት። ሆኖም በማንኛውም የመስኖ መሬት ውኃ ከማስገቢያው እኩል የማስወጫው ነገር መታሰብ እንዳለበት የአዋሽ ተሞክሮ ያሳያል። ተክል ኢንዛይሞቹን ለማስተካከል የሚችለው በመጠኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጨው ማስወገድ የገበሬውና የመስኖ መሐንዲሱ ሥራ ነው።

ቅርስ

ሺምፐር በሳይንስ የሠራው 23 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ ክሎሮፕላስት ምንጭ፣ ስለ ደኖች አከፋፈልና ጨው በቅጠል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት መሠረት ጥሏል። «ፕላስቲድ» እና «የሐሩር ዝናባማ ደን» የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ፊዚዮሎጂያዊ ድርቀትም ረግረግን ለማስረዳት ባያገለግልም፣ በጨዋማ አፈር ላይ ያለ ሰብል ለምን በርጥብ መሬት እንደሚጠወልግ ለማስተማር እስከ ዛሬ ይጠቅማል።